የወፍጮ ቤቱ ሁለተኛ በር

«እኔ አልነግራቸውም! የወንድ ልጄ የክርስትና አባት ናቸው። ነግሬያቸው ስመለስ በየትኛው ዓይኔ ነው የማያቸው?»

«እኔስ? ሚስቴ አኩርፋ የሄደች ጊዜ አስታርቀው ያመጡልኝ እሳቸው አይደሉም እንዴ? አሁን ሄጄ ‹ጋሼ፣ ግድግዳዎን ያፍርሱ› ልበላቸው?»

«ሊቀመንበሩ ማነው?»

«ጸሐፊዋስ ማናት? ኢሜይሉ የመጣው ላንቺ ነው!»

«ላንተም ኮፒ ተደርጎልሃል!»

ከካልጋሪ አውሮፕላን ማረፊያ ከወጣን ሩብ ሰዓት አልሞላም። ቀኑ ማክሰኞ ነው። እኔ ከኋላ ወንበር ሻንጣዬን ታቅፌ፣ በሦስት አውሮፕላን የተጨማደደ ፊቴን በመስኮቱ መስታወት አያለሁ። የሚነዱት ጋሽ ዘሪሁን ናቸው፤ ቀን መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳሉ፣ ከሥራ ሲወጡ ደግሞ የኮሚቴ ሊቀመንበር ይሆናሉ። አጠገባቸው ያሉት እትዬ የሺ የእናቴ የአክስት ልጅ፣ የዚሁ ኮሚቴ ጸሐፊና የእኔ ጋባዥ ናቸው።

ድንገት ጋሽ ዘሪሁን በመስታወቱ አዩኝ፤ እትዬ የሺ አንገታቸውን አዙረው አዩኝ።

«ፍሬዬ፣ ደክሞሻል?»

«ትንሽ።»

«እንግዳ ናት እኮ» አሉ ጋሽ ዘሪሁን፣ የጠፋ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እንዳገኘ ሰው። «እንግዳ ደግሞ አይቀየሙትም።»

«በፍጹም አይቀየሙትም!» አሉ እትዬ የሺ።

ሲጨቃጨቁ የነበሩ ሰዎች እንዲህ በአንዴ ሲስማሙ ማየት ያስፈራል።

ነገሩን በቀለበት መንገዱ ላይ ስንሄድ ዘረዘሩልኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የመዝናኛ ፓርክ አለ። ውስጡ ከሚሽከረከረው ወንበርና ከባቡሩ ሌላ የየአገሩ ቤት በትንሽ በትንሹ የተሠራበት መንገድ አለው፤ ፓቪሊዮን ይሉታል። ቅዳሜ የሚመረቀው የኢትዮጵያ ቤት ነው። እኔ አዲስ አበባ፣ ሳሪስ፣ ፎቶኮፒ ቤት ውስጥ የምሠራ፣ የተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ግጥም የምጽፍ፣ ግጥም ማንም ያላስተማረኝ ሰው ነኝ። አራት መስመር ጻፊልን አሉኝ፣ ጻፍኩ፤ ለምረቃው ነይና አንብቢ አሉኝ፣ መጣሁ። እስከ ቀለበት መንገዱ ድረስ፣ የመጣሁት ለግጥሙ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ከፓርኩ ኢሜይል መጥቷል። ቤቱ ሁለት መውጫ ያስፈልገዋል፤ የኋላው በር ተደፍኗል፤ ይከፈት። የፊታችን ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ኢንስፔክተር ትመጣለች። በሩ ከሌለ ምረቃ የለም፣ ቦታውም ተራ ለሚጠብቀው አገር ይሰጣል።

«ተረኛው ማነው?» አልኩ።

«ፊንላንዶች» አሉ ጋሽ ዘሪሁን፣ የጠላት ጦር ስም እንደሚጠራ ሰው።

የኋላውን በር የደፈኑት የቤቱ ነዳፊ ጋሼ ንጉሤ ናቸው። ለእሳቸው የነገረ ሰው የለም። ታኅሣሥ ላይ ገና ደርሶ ነበር፤ በገና እንዴት ይነገራል? ከገና በኋላ ጥምቀት መጣ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ፤ በጾም ሰው አያስከፉም። ፋሲካ ላይ ጭራሽ ጋሼ ራሳቸው ኮሚቴውን በሙሉ ቤታቸው ጠርተው አበሉ። በግ ያበላን ሰው ግድግዳህን አፍርስ ማለት ይከብዳል። አንድ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር፤ እሱም ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ሌላ ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ወሰነ። እንዲህ እንዲህ ሲባል በጋው ገባ፣ እኔም ገባሁ።

ሬድስቶን ደረስን። አዲስ ሰፈር ነው። ቤቶቹ ከአንድ ስቴንስል የተባዙ ይመስላሉ፤ ፎቶኮፒ ሠራተኛ ስለሆንኩ ኮፒ አይቼ አውቃለሁ። እትዬ የሺ ራሳቸው የጎረቤታቸውን ጋራዥ በሪሞታቸው ሊከፍቱ ሁለት ጊዜ ሞከሩ። አልጋዬ ቤዝመንት ውስጥ ተነጥፏል። እኛ ዘንድ ክቡር እንግዳ ፎቅ ይወጣል፤ እዚህ መሬት ውስጥ ይወርዳል። ግን ብርድ ልብሱ ሦስት ነው፣ ትራሱ አራት፤ ራስጌው ላይ ውኃ፣ ብርቱካንና የስልክ ቻርጀር ተደርድሯል። ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ገና አልገባችም። ልተኛ ብዬ መጋረጃውን ስዘጋ ዕለቱን በግድ የምገፋው መሰለኝ።

ረቡዕ

ጋሼ ንጉሤ የሚኖሩት ዶቨር ነው፤ ያረጀ፣ ዝቅ ያለ፣ ዛፉ ከቤቱ የሚበልጥበት ሰፈር። ከሬድስቶን ይልቅ እሱ ሳሪስን መሰለኝ፤ ቢያንስ አጥሩ የተጣመመ ነው። እትዬ የሺና ጋሽ ዘሪሁን ጥግ ላይ አወረዱኝ። «እዚሁ ነን» አሉ፣ ሞተሩን ሳያጠፉ።

በሩን የከፈቱልኝ ከረባት ያሰሩ፣ ቀጠን ያሉ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ራሳቸው ያበስላሉ። ማካሮኒ ሠርተው ጠበቁኝ።

«ገጣሚዋ አንቺ ነሽ? ብይ፤ ገጣሚ ሆድ የለውም የሚለውን ወሬ አላምንም።»

ጠረጴዛው ግማሹ ሳህን፣ ግማሹ የተጠቀለለ የፕላን ወረቀት ነው። አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ነዳፊ ነበሩ። ኪዮስክ ነደፉ፣ የትምህርት ቤት ሽንት ቤት ነደፉ፣ የአውቶቡስ መጠለያ ነደፉ።

«አንዱም አልተሠራም» አሉኝ፣ ቺዝ እየነሰነሱልኝ። «መጠለያው ተጀምሮ ነበር። በሬ ተደገፈውና ወደቀ።»

«እዚህስ ጋሼ?»

«እዚህማ ሃያ ዓመት የሰው ሕንፃ ስጠብቅ ኖርኩ፤ ሴኩሪቲ። ሌሊት ሌሊት እየዞርኩ ስሕተቱን እቆጥር ነበር። ይሄ ደረጃ ተሳስቷል፣ ያ መስኮት ተሳስቷል እያልኩ።» ወረቀቱን ዘረጉት። «ይሄኛው ግን ቆሟል። ቅዳሜ ሰው ይገባበታል።»

ጣታቸው ክቡን መስመር ተከትሎ ሲዞር አየሁ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ማካሮኒ ጨመሩልኝ። እንደገና ከፈትኩ፤ እንደገና ጨመሩልኝ። በሦስተኛው ማንኪያውን አስቀምጬ «ጋሼ፣ አንድ ነገር…» ስል፣ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የእኔ ግጥም ነው።

ቤታችንስ ክብ ነው፣ ማዕዘን የለውም፤
እንግዳን ከጥግ ላይ፣ አያስቀምጠውም።
አንድ ብቻ ነው በሩ፣ ለገባም ለወጣም፤
ሳይቀምስ የሄደ፣ ተመልሶ አይመጣም።

«ፕላኑን ሳታዪ ነው የጻፍሽው?»

«አላየሁም።»

«በተለይ ሦስተኛዋ መስመር» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እኔ ይህን ለኮሚቴው ለማስረዳት ስንት ወር ፈጀብኝ። አንቺ በአንድ መስመር ጨረስሽው። ቤት በአንድ በር ነው ቤት የሚሆነው ልጄ፤ የገባው ሁሉ ከወጣው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል፣ ሰላም ይባባላል። በጓሮ ሹልክ የሚባልበት ቤት ሆቴል ነው።»

የቀረውን ማካሮኒ በላሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

ጥግ ላይ መኪናው እንደቆመ ነው። ጋሽ ዘሪሁን መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። «ነገርሻቸው?»

«ማካሮኒ በላሁ።»

ሁለቱም በረዥሙ ተነፈሱ። «እኛም የሆነው እንደዚሁ ነው» አሉ እትዬ የሺ።

ማታ ኢንተርናሽናል አቬኑ ወሰዱኝ። የቬትናም ሾርባ ቤት ከሐበሻ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል፣ የሐበሻው ሱቅ ደግሞ ከአፍጋን ዳቦ ቤት ጋር። እዚህ መንገድ ላይ ስንት አገር በር ለበር ተጎራብቶ ያለ ኢንስፔክተር እንደሚኖር አየሁ። ሰው መንገድ ሲሻገር መኪናው ሁሉ ይቆማል፤ እኔ ደግሞ መኪናው ስለቆመ ምን ሊያደርገኝ ነው ብዬ እቆማለሁ። ተያይተን ቀረን።

ሐሙስ

ፓርኩ የወሰደችኝ የእትዬ የሺ ልጅ ሜሮን ናት። ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ዲዛይን የምትማር። ግጥሜን ግድግዳው ላይ የጻፈችው እሷ ናት። ፊደሉን ታነባለች፤ ረዥም ዓረፍተ ነገር ላይ ግን መሀል መንገድ ወርዳ እንግሊዝኛ ትሳፈራለች።

«ኦኬ፣ ሶ» አለችኝ እየነዳች፣ «ጋሼ ንጉሤን ማን ይነግራቸዋል? ላይክ፣ ኖት ሚ። እኔ ልጅ ነኝ።»

«እኔ እንግዳ ነኝ።»

«ኤግዛክትሊ። አንቺ ትሄጃለሽ። እኛ ኤቭሪ ሰንዴይ ቤተ ክርስቲያን እናያቸዋለን።»

የአገሮቹ መንገድ ላይ የጃፓን ድልድይ አለ፣ ከሥሩ ውኃ የለም። የጀርመን የሰዓት ማማ አለ፣ ሰዓቱ ቆሟል። የእኛው መጨረሻ ላይ ነው። ጋሼ ንጉሤ ከነከረባታቸው ደጁ ላይ ጠበቁን፤ ታሪኩንም እየዞሩ ነገሩኝ።

መጀመሪያ እኛ የራሳችን ቤት አልነበረንም። «አፍሪካ» የሚል አንድ ድንኳን ነበር፤ በሩ ላይ የፋይበር አንበሳ፣ ውስጡ የሜዳ አህያ ቀለም የተቀባ ከበሮ። ጎብኚው ሁሉ እየገባ ዝሆኑ የት አለ ይላል። የእኛ ሰዎች አቤት አሉ። ፓርኩ ፈልጎ ፈልጎ አንድ ባዶ ቤት ሰጣቸው፤ የሆላንዶች የነፋስ ወፍጮ። የሆላንድ ሽማግሌዎች አርጅተው፣ የልጅ ልጆቻቸው ወፍጮ ሰልችቷቸው፣ ቤቱ የተበላሸ የአይስክሬም ማሽን ማስቀመጫ ሆኖ ነበር።

ከዚያ ምን እናስመስለው የሚለው መጣ። አንዱ የጎንደር ግንብ አለ፣ አንዱ የአክሱም ሐውልት፣ አንዱ ላሊበላ። ሁለት ዓመት ተጣሉ። አንድ ቀን ጋሼ ተነሥተው፣ ወፍጮው ክብ ነው፤ የአያቱ ቤት ክብ ያልነበረ ሰው ካለ እጁን ያውጣ አሉ። ከአማራው፣ ከኦሮሞው፣ ከጉራጌው፣ ከሲዳማው እጅ አልወጣም። አንድ የመቀሌ ሰው ብቻ አወጡ። «የእኛ አራት ማዕዘን ነው፤ የድንጋይ።» ስለዚህ የግድግዳው እግር ዙሪያውን በድንጋይ ተሠራላቸው። እሳቸውም አጨበጨቡ፤ በዚያች ከተማ የኮሚቴ ታሪክ በስምምነት የተበተነ ስብሰባ ያ ብቻ ነው ይባላል።

የወፍጮው ክንፎች ወረዱ። መሀል ላይ ቆሞ ድንጋዩን ያዞር የነበረው ትልቅ ግንድ የጎጆው ምሰሶ ሆነ፤ ጋሼ እጃቸውን ጭነው «ለእኛ የተቆረጠ ነው የሚመስለው» ይላሉ። የክዳኑ ሣር ፕላስቲክ ነው፤ እሳትም አይበላውም፣ ፍየልም አይበላውም። ግድግዳው ከሩቅ ጭቃ፣ ከቅርብ ሲሚንቶ ከገለባ ጋር። ክንፎቹ የተሰኩበት የብረት አንገት ግን አልነቀል ብሎ ከክዳኑ ግንባር ወጥቶ ቀረ። ጋሼ እንስራ ደፉበት። ጎብኚ ምን ማለት ነው እያለ ይጠይቃል። ጋሽ ዘሪሁን የሰላም ምልክት ነው ይላሉ፣ እትዬ የሺ የመስተንግዶ፣ ሜሮን ደግሞ «ኢትስ ሴክሬድ»፣ ቅዱስ ነገር ነው፣ ብላ ታልፋለች።

ወደ ውስጥ ገባን። ከበሩ ትይዩ፣ በግድግዳው ሙሉ ስፋት፣ አራቱ መስመሮቼ በቡናማ ቀለም ተዘርግተዋል። እያንዳንዱ ፊደል መዳፌን ያክላል። በሕይወቴ ከኤ ፎር ወረቀት የሚበልጥ ነገር ላይ ተጽፌ አላውቅም። መሬት ተቀመጥኩ። ወለሉ ላይ የቱሊፕ አበባ ያለበት የሆላንድ ሸክላ አለ።

ጋሼ በከዘራቸው ግጥሙን መሀሉ ላይ መታ መታ አደረጉት። ድም ድም አለ፤ ባዶ ድምፅ።

«ከዚህ በስተኋላ ምን አለ?» አልኩ።

«በር ነበር። ሆላንዶች ለወፍጮ ሁለት በር ያወጡለታል። ክንፉ በአንዱ በር ፊት ሲዞር ሰው እንዳይመታ በሌላው ይወጣሉ። እኛ ክንፍ የለን፤ ሽቦ መታሁበትና ለሰንኩት።»

የተደፈነው በር በግጥሜ ሥር ነው። ይከፈት ማለት ግጥሜ ይፍረስ ማለት ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም። እውነቱን ልናገርና፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዝም ያልኩት ለጋሼ አዝኜ አይደለም። በየፊደሉ ፊት እየቆምኩ ፎቶ እነሣ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እትዬ የሺና ጋሽ ዘሪሁን ወንበር ይዘው መጡ። ወዲያው ሰማዩ ጠቆረ። አዲስ አበባም በረዶ ይዘንባል፤ ግን የእኛው ሽምብራ ነው፣ ይሄኛው ድንች። መንገድ ላይ የነበረው ጎብኚ ሁሉ፣ ከሕፃን ጋሪና ከአይስክሬሙ ጋር፣ ወደ እኛ ጎጆ ተንጋጋ። በዚሁ ደቂቃ ጋሽ ዘሪሁን «መኪናዬ!» ብለው ብርድ ልብስ ታቅፈው ለመውጣት ተነሡ። የካልጋሪ ሰው በረዶ ሲመጣ ከራሱ በፊት መኪናውን ያለብሳል።

አንድ በር። ሃያ ሰው ወደ ውስጥ፣ አንድ ሊቀመንበር ወደ ውጭ። ብርድ ልብሱ በአንድ ጋሪ ጎማ ተጠመጠመ። ጋሽ ዘሪሁን በር ላይ ተቀርቅረው «ኤክስኪዩዝ ሚ! ሶሪ! ኤክስኪዩዝ ሚ!» ይላሉ፤ የሚገፏቸውም «ሶሪ! ሶሪ!» ይላሉ። ይቅርታ እየተጠያየቁ መጋፋት የዚያ አገር ጥበብ ነው። አንዲት ሕፃን አለቀሰች።

ከአፌ አመለጠ። «ጋሼ፣ የኋላው በር ይከፈት! ፓርኩ አዟል! ነገ ካልተከፈተ ቤቱ አይመረቅም፣ ለፊንላንድ ይሰጣል!»

በረዶው ሲቆም ጎብኚው ወጣ። ጋሼ ምሰሶውን ተደግፈው ቆመዋል።

«መቼ ነው ያዘዘው?»

እትዬ የሺ ቱሊፑን አዩ። ጋሽ ዘሪሁን ብርድ ልብሳቸውን አዩ።

«ታኅሣሥ» አልኩ።

«ታኅሣሥ። ፋሲካ ቤቴ ስትበሉ ታውቁ ነበር?»

«ጋሼ፣ እንዳይከፋዎት ብለን እኮ…» ጀመሩ እትዬ የሺ።

«ሁላችሁም?» ሜሮንን ጭምር አዩዋት፤ አንገቷን ደፋች። «በዚያ በር እኔ አልወጣም። ሬሳዬም አይወጣም።»

በረዶው እንደገና ጀመረ። አንድ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አንሥተው ራሳቸው ላይ ደፉና፣ እግሮቹ ወደ ላይ እንደ ቀንድ ቆመው፣ በረዶው ኳ ኳ እያለባቸው፣ በፊተኛው በር ወጥተው ሄዱ። ልከተላቸው ስል እትዬ የሺ ያዙኝ። «ተያቸው። ወንበሩን ስለወሰዱ ይመለሳሉ።»

ዓርብ

ማለዳ ላይ ኮሚቴው ሽማግሌ እንዲላክ ወሰነ። ማን ይላክ የሚለው ግን አንድ ሰዓት ወሰደ፤ ምክንያቱም በዚያች ከተማ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ሆነው የሚላኩት ጋሼ ንጉሤ ናቸው። «ራሳቸውን ወደ ራሳቸው እንላካቸው እንዴ?» አሉ ጋሽ ዘሪሁን፣ ሲቀልዱ አይመስሉም።

በመጨረሻ ሁላችንም ዶቨር ሄድን። በሩ ተቆልፏል። መኪናቸው የለም። እትዬ የሺ አለቀሱ። ያን ጊዜ ነው ሜሮን ስልኳን ያነሣችው፤ ከፓርኩ ጥበቃ መልእክት መጥቶላታል። «ከረባት ያሰሩ አንድ ሽማግሌ ከንጋት ጀምሮ ግድግዳ በመጋዝ እየቆረጡ ነው፤ ያንቺ ሰው ናቸው?»

ስንደርስ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው አቧራ ለብሰዋል። ግድግዳውን አላፈረሱትም፤ በሩን ዙሪያውን ለክተው በመጋዝ ቆርጠውታል። ወንበሩ አጠገባቸው አለ።

«የተቆጣሁት በበሩ አይደለም» አሉ ሳይዞሩ። «በር ምንድን ነው? ሰባት ወር ፊቴ ላይ እየሳቃችሁ መብላታችሁ ነው። ዘሪሁን፣ ያንን ሽቦ ጎትት።»

«እሺ ጋሼ።»

«ከአሁን በኋላ ስሕተት ስሠራ በዚያው ቀን ትነግሩኛላችሁ።»

«እሺ ጋሼ።»

«እስቲ አሁን ጀምሩ።»

ከዚያ ሜሮን፣ ቀስ ብላ፣ «ጋሼ… ማካሮኒዎ ጨው ይበዛዋል» አለች። እትዬ የሺ አፏን ሊይዙ ተንደረደሩ። ጋሼ ግን መጋዙን አስቀምጠው ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከሽቦው ኋላ አረንጓዴ የእንጨት በር ወጣ። የነሐስ እጀታ አለው፣ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፣ ራሱን የሚዘጋበት ሞላ እንኳ አልተነካም። ማጠፊያው ግን ዝጓል፤ አልነቃነቅ አለ። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነው። ዘይት የያዘ ሰው የለም። እትዬ የሺ ለቅዳሜ ግብዣ ያነጠሩትን ቅቤ ከነዕቃው አመጡ። ጋሼ በጣታቸው ማጠፊያውን ሁሉ ቀቡት። በሩ ሲጥጥ ብሎ ተከፈተ፤ ኮረሪማና ኮሰረት ሸተተ።

ኢንስፔክተሯ በሰዓቷ መጣች፤ ረጋ ያለች ሴት ናት። ለካች፣ ከፈተች፣ ለቀቀች፣ በሩ ራሱን ዘጋ። አሸተተች። ወደ ማጠፊያው ጠጋ ብላ ደግማ አሸተተች። ምንም አልጠየቀችም፤ ግን ስንት ጊዜ መክፈት እንደሚገባት ደንቡ ላይ ካለ፣ እሷ ከዚያ በላይ ከፈተችው። ከበሩ በላይ የሚሰቀለውን የመውጫ ምልክት ሰጠችን፤ አረንጓዴ፣ የሚሮጥ ሰው ያለበት።

«ከቤቱ ዕቃ ሁሉ እኛን የሚመስለው ይሄ ነው» አሉ ጋሽ ዘሪሁን። «ሯጭ ነው።»

ከመፈረሟ በፊት ግድግዳውን አየችው። በሩ እኩል መሀሉ ላይ ስለተከፈተ ከግጥሜ የቀረው በግራ አንድ አንድ ቃል፣ በቀኝ አንድ አንድ ቃል ነው። ምን ይላል አለች። ጋሽ ዘሪሁን ሊያስተካክሉት ሲሞክሩ ሜሮን ቀደመቻቸውና እንዳለ ተረጎመችላት። ቤታችንስ የለውም፤ እንግዳን አያስቀምጠውም፤ አንድ ለወጣም፤ ሳይቀምስ አይመጣም።

ኢንስፔክተሯ ትንሽ አሰበች። «ቢያንስ ግልጽ ነው» ብላ ፈረመች።

ሁሉም ተቃቀፈ። እኔም አቀፍኩ። ከዚያ ወጥቼ በጃፓን ድልድይ ላይ፣ ውኃ በሌለው ወንዝ አናት፣ ተቀመጥኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ትልቅ ሆኜ ተጽፌ ነበር፤ እሱም አንድ ቀን ሳይሞላ በር ሆነብኝ። ጋሼ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«የእኔ መጠለያ በበሬ ነው የወደቀው» አሉኝ። «ያንቺው ቢያንስ በኢንስፔክተር ነው።» ከዚያ ግጥሜ ያለባትን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ወደ ጎጆው ሄዱ።

ቅዳሜ

ስንመጣ ቤቱ ተጠርጎ፣ በሮቹ ተከፍተዋል። የኋላውን በጠጠር አስደግፈው ነፋስ ያስገቡበታል። ሜሮን ሁለቱ እጆቿ ቡናማ ቀለም ነክቷቸዋል፤ ምን ስትሠሪ ነበር ስላት «ናቲንግ» አለች።

ሰው ሞላ። የመቀሌው ሰው እንግዳውን ሁሉ ከውጭ እየያዙ ድንጋዩን ያሳያሉ። የከተማው ተወካይ አጭር ንግግር አደረጉ። የፓርኩ ሰው ከዚያ ያጠረ አደረጉ። ከዚያ ጋሽ ዘሪሁን ተነሡ፤ ከኪሳቸው ያወጡት ወረቀት ወፍራም ነው።

ከፍጥረት ጀመሩ ማለት ይቻላል። ኮሚቴው እንዴት እንደተቋቋመ፣ በማን ቤት፣ ማን እንደዘገየ። ከድንኳኑ አንበሳ እስኪወጡ ልጆች አለቀሱ፣ ትልልቆች ተቁነጠነጡ። ሁሉን በየስሙ ያመሰግናሉ። በየምስጋናው ይጨበጨባል፣ የተመሰገነው ይነሣል፣ እጅ ይነሣል፣ ይቀመጣል። የጋሼ ተራ ገና ሩቅ ነው፤ የነዳፊው ገጽ መጨረሻ ላይ እንደተሰፋ ከጎናቸው ሆኜ ይታየኛል። የፊተኛው በር በሰው ታጭቋል።

ጋሼ ንጉሤ ከጎኔ በዚያች ነጭ ወንበር ላይ ናቸው። ሰዓታቸውን አዩ። ወረቀቱን አዩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ስንት ገጽ ይቀረዋል?»

«ስድስት።»

«ሆላንዶች ተንኮለኞች ናቸው ልጄ። ክንፉ ሲዞር በሌላው ይወጣሉ ብዬሽ ነበር አይደል? ይሄው ክንፉ እየዞረ ነው።»

ከዘራቸውን አነሡ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው፣ ለሁሉም ይቅርታ እየጠየቁ፣ ከሚሮጠው አረንጓዴ ሰው በታች ደረሱ። ጠጠሯን በእግራቸው ገፋ አድርገው፣ ሬሳዬም አይወጣም ባሉበት በር ወጡ። ማንም አልከለከላቸውም። ጋሽ ዘሪሁን «ሦስተኛ…» ይላሉ።

ሞላው በሩን ቀስ እያለ መለሰው። በውስጥ በኩል የግድግዳውን ቀለም ተቀብቷል። የጎደሉት ቃላት በየመስመራቸው ተጽፈውበታል፤ ጥቂቱ በሜሮን እጅ፣ የቀረው በአሮጌ ነዳፊ ቀጥ ያለ ፊደል። አንድ ክንድ ቀረው፣ አንድ ስንዝር ቀረው፤ ግራው ከቀኙ ጋር ተጠጋ። የቅቤው ሽታ መጣ። ሦስተኛው መስመር «አንድ ብቻ ነው በሩ» አለ፤ ከዚያ በሩ ጠቅ ብሎ ተዘጋ።